ጋሽ ዝምታ ትምህርት ቤት ሲመርጥ

ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ወሬ የማይወድ ሰው ምን ይባላል? የሰፈሩ ሰው ነገሩ ሲገርመው ከርሞ «ጋሽ ዝምታ» አለው፤ ስሙም እንደ ቆዳ ተጣበቀበት። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ስለ ኳሱ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ አማቱ ሲያወራ እሱ «እህ» እና «ወይ ጉድ» እያለ መቀሱን ያንቀጫቅጫል። ሥራውን ግን አልጎዳውም። ሰው የሚሰማው ጆሮ ካገኘ ፀጉሩ ሳያድግም ይመጣል።

ሱቁ ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ አንድ ረጅም መስታወትና ለተራ ጠባቂ የሚሆን አንድ አግዳሚ የሞሏት ጠባብ ክፍል ናት። ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ በር አለ፤ በሩ ወደ መኖሪያው ያስገባል። ሁለተኛው ወንበር ሠራተኛ ተቀጥሮለት አያውቅም። ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራዋን እየሠራች የምትሽከረከርበት ሚጢ ነበረች።

ሚጢ ልጁ ናት፤ ልጁም አይደለችም። እናቷን ሲያገባ ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። የወለዳት ሰው ገና በሆድ ሳለች ወጥቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። «አባዬ በይው» ቢሏት፣ ቢያባብሏት እምቢ አለችና በራሷ ጊዜ «ጋሼ» ብላ ጠራችው። ሚስቱ ስትሳቀቅ እሱ «ተያት፤ ጋሼም ማዕረግ ነው። ‹ያ ሰውዬ› ከመባል ይሻላል» ብሎ ሳቀ። በዚያው ጋሼ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት እናት በአጭር ሕመም ሞተች።

ያኔ የሟች ታላቅ እህት መጣች። አክስት መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከከተማው ማዶ ኮረብታው ላይ ትኖራለች፤ ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ አልወለደችም። ቁጭ አለችና ሳታለባብስ ተናገረች።

«ልጅቷን ልውሰዳት። አንተ ወንድ ነህ፤ የእንጀራ አባት ነህ። ነገ ሌላ ታገባለህ፤ እሷ በሰው ቤት የሰው ፊት ስታይ ልትኖር ነው። የእህቴ አጥንት ይወቅሰኛል።»

እሱ ወደ ልጅቷ ዞረ። ሚጢ ሄዳ ሁለተኛው ወንበር ላይ ወጣችና የወንበሩን ሁለት ክንዶች ግጥም አድርጋ ያዘች፤ ነቅለው ካልወሰዷት በቀር የምትነሣ አትመስልም ነበር።

«አየሽ እትዬ» አላት ጋሽ ዝምታ። አክስት ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከልጅቷ ጋር በስልክ ትነጋገራለች እንጂ ከእሱ ጋር «ደህና ነህ?» እንኳ መባባል ቀረ።

ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ ሲያሳድግ ያላሰበው ሁሉ ይመጣበታል። ዕድሜ ልኩን የወንድ ፀጉር ሲቆርጥ የኖረ ሰው የሴት ልጅ ፀጉር መሥራት አያውቅም። ጎረቤቱን ልብስ አጣቢዋን ለምኖ ተማረ። ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛ እንዳይስቅበት በሩን ዘግቶ፣ ማበጠሪያውን በጥርሱ ነክሶ ይጎነጉናል። የመጀመሪያ ሰሞን ሥራው አይጥ የቆረጠመው ገመድ ነበር የሚመስለው። ሚጢ በመስታወቱ አይታ አይታ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሹሩባ ነው ወይስ ቅጣት?» አለችው። እየቆየ ግን እጁ ለመደ፤ የልብስ አጣቢዋ ልጆች ሳይቀሩ ተራ ይጠብቁ ጀመር።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሚጢ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ልትጨርስ ጥቂት ሳምንታት ቀሯት። ነገር የመጣው ያኔ ነው።

በዚያ አካባቢ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት ነው። አንዱ ከሱቁ በእግር የሚደረስበት፣ ወንዙ ዳር ያለው፤ ሰው «የድልድዩ» ይለዋል። ሁለተኛው ገበያው ጀርባ የተሠራው አዲሱ ፎቅ ነው። ሦስተኛው ከከተማው ማዶ፣ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚኬድበት አሮጌው የኮረብታው ነው። ጋሽ ዝምታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኞቹን ጥያቄ ጠየቀ።

«የትኛው ይሻላል?»

ሱቁ ገበያ ሆነ። ተራ የሚጠብቀው ጡረተኛ ሾፌር፣ «እኔ ሁለት ልጆቼን ድልድዩ ነው ያስተማርኩት» አለ። «አንዱ ሐኪም ሆነ። ሌላው ሐኪም የሚያስቸግር ሆነ። ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል፤ ልጁ ነው እንጂ።»

አረፋ እንደተቀባ ወንበሩ ላይ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ አላስጨረሰውም። «የገበያው ነው ትምህርት ቤት ማለት! ፎቁን አላየኸውም?»

«ፎቁ ነው እንዴ ሒሳብ የሚያስተምረው?»

«ኮምፒውተር አለው እኮ ነው የምልህ!»

«አንገትህን አታንቀሳቅስ» አለ ጋሽ ዝምታ፤ ምላጩ እጁ ላይ ነበር። ሲያዳምጥ አንድ ነገር ገባው። ሁሉም የሚያመሰግነው የሚያውቀውን አንዱን ብቻ ነው። ብቻውን የሮጠ ደግሞ የሚቀድመው የለም። ስለዚህ ሦስቱንም በዓይኔ ካላየሁ አለ።

መጀመሪያ ወደ ድልድዩ ሄደ። ልቡ ከሄደበት መጀመር ይቀላል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደንበኛው ነው፤ ከሥር የተላጨው አንገቱ ራሱ የጋሽ ዝምታ ሥራ ነው። በመተላለፊያው ይዞት ሲሄድ ልጆች በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው፣ የተረፉት መስኮት ላይ ተቀምጠው አየ። በአንደኛው ክፍል መምህር የለም፤ ልጆቹ ዴስክ እየደበደቡ ይዘፍናሉ።

«የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው» አለ ምክትሉ አፍሮ። «መምህሩ ከመንፈቀ ዓመቱ ወዲህ ለቆ ሄዷል፤ ምትክ አልላኩልንም። እንግዲህ ላንተ አልዋሽም፤ ምላጭህን አንገቴ ላይ የምታሳርፍ ሰው ነህ።»

ጋሽ ዝምታ ፈገግ አለ። ሊጠይቅ የፈለገው ሌላም ነበር፤ ግን ወንድ የሚጠየቀው አልነበረም። እናት ብትኖር ራሷ ገብታ ታየው ነበር። ግቢውን የምትጠርገዋን ሴትዮ ጠጋ አለና መሬት መሬት እያየ፣ «የሴቶቹ ሽንት ቤት እንዴት ነው እናቴ?» አላት።

ሴትዮዋ መጥረጊያዋን አቁማ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተ ምን አገባህ?»

«ልጅ አለችኝ። እናቷ የለችም።»

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «ውይ የኔ ጌታ» አለችው። «በሩ አይዘጋም። አንዷ ትገባለች፣ አንዷ ትጠብቃለች። የባሰባት ቤቷ ትሮጣለች፤ ትምህርቱም በዚያው ይቀራል።»

ወደ ገበያው የሄደው በማግሥቱ ነው። እዚያ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ተቀበለው፤ የተሰነጠቀ ነገር የሌለበት ግድግዳ፣ ሰማይ የሚታይበት መስታወት፣ የሚያንሸራትት ወለል አሳየው። የኮምፒውተር ክፍሉን ግን በመስኮት ነው ያሳየው። ኮምፒውተሮቹ ከነፕላስቲካቸው ተሸፋፍነው እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል።

«ልጆቹ መቼ መቼ ነው የሚማሩባቸው?»

«ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው።»

«ኃላፊውስ?»

«ስብሰባ ላይ ነው።» ከመቼ ጀምሮ ስብሰባ ላይ እንደሆነ ጋሽ ዝምታ አልጠየቀም፤ የፕላስቲኩ አቧራ ተናግሮ ነበር። በአጥሩ ጥግ ልጆች በትምህርት ሰዓት ያልተሰጣቸውን ዕረፍት ወስደው፣ በቀዳዳው በኩል እየሾለኩ ወደ ገበያው ይገባሉ። ዘበኛው ሲያያቸው ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረ።

ሁለቱ እንዲህ ሆኑ። ወደ ሦስተኛው ሲሄድ በአውቶቡሱ መስኮት ከተማውን እያየ አንድ ነገር ይመኝ ነበር፤ የሚመኘውን ደግሞ ለራሱ እንኳ አልነገረውም። የኮረብታውም ጉድ እንዲወጣበት ነበር የሚመኘው። ሦስቱም መጥፎ ከሆኑ ቅርቡ ይመረጣል፤ ማን ይከሰሳል?

ግቢው ሲገባ ደስ ሊለው ነበር። ቀለሙ ረግፏል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ዝጓል፤ ደረጃዎቹ መሐላቸው ተበልቶ ጎድጉደዋል። «ይሄ ነው እንዴ የሚወራለት?» አለ በልቡ። ደወል ተደወለ። ልጆች ይወጣሉ ብሎ ሲጠብቅ ግማሾቹ ከክፍል ወጥተው ወደ ሌላ ክፍል ሮጡ፤ ቤተ መጻሕፍት ኖሯል፤ ወንበር ለመቅደም ነው የሚሯሯጡት። ከዛፉ ሥር አንዲት መምህርት መሬት ላይ በርከክ ብላ በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ትጽፋለች። ሦስት ሴት ልጆች ከበዋታል፤ አንዷ «አይደለም ቲቸር፣ እዚህ ጋ ተሳስተሻል!» ትላታለች። መምህርቷ ትንሽ አየችና «እውነትሽን ነው» ብላ በመዳፏ አጠፋችው።

ጋሽ ዝምታ ቆሞ ቀረ። ሚጢን አራተኛ አድርጎ እዚያ መሐል አስቀመጣት። ልክ ሆነችለት።

አልተወም፤ ጥፋት ፍለጋውን ቀጠለ። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቃት፤ በሩ ይቆለፋል፣ ውሃ ሲጠፋም በርሜል ተሞልቶ ያድራል አለችው። ስለ መምህራኑ ጠየቀ፤ የጎደለ የለም። ተስፋ ቆርጦ ወደ መዝጋቢዋ መስኮት ተጠጋ።

«ከወንዙ ማዶ ነን» አላት።

«ከወንዙ ማዶ አንቀበልም» አለች መዝጋቢዋ ቀና ሳትል። «ነዋሪነቱ እዚህ ሰፈር ለሆነ ብቻ ነው። ወይ ወላጅ፣ ወይ አሳዳጊ እዚህ መኖር አለበት።»

ደስ አለው። እንደ ሕፃን ደስ አለው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። በሩ ጋ ሲደርስ የተደሰተበትን ነገር አስተዋለና ፊቱ ጋለ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሁለተኛው መታጠፊያ ላይ መስኮቱ በመጋረጃ ናሙና የተሸፈነ አንድ ቤት አለ። የአክስት ቤት ነው። ይህን ከእሱ በቀር ያሰበ የለም። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ዝምታ ደግሞ ስሙም ሥራውም ነው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመ። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ አልገባበትም። ሌላ መጣ፤ ያንንም አሳለፈ። ከዚያ ተመልሶ ቁልቁለቱን ወረደና የመጋረጃ ሰፊዋን ቤት አንኳኳ።

አክስት መርፌ ከንፈሯ ላይ ይዛ ከፈተች። ስታየው መርፌውን አወጣች። «ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት እትዬ። ምንም አልሆነች።»

«ታዲያ አንተን ምን አመጣህ?»

ቁጭ በል አላለችውም። እሱም ቆሞ ነገራት፤ ድልድዩን፣ ገበያውን፣ ኮረብታውን። በአንድ ቀን ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም። ሲጨርስ አክስት ፊቷን አዞረች። የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ያለውን ጨርቅ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ ቆየች።

«ሦስት ዓመት» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን እዚያ ወንበር ላይ ሙጭጭ ስትል ጥርሴን ነክሼ ነው የወጣሁት። አሁን ራስህ አመጣህልኝ?»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም እትዬ። ለእሷ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አክስት። «ለእኔ ብትለው ኖሮ በሩን እዘጋብህ ነበር።» ከዚያ ወንበር ሳበችለት።

የከበደው ግን ይህ አልነበረም። የከበደው ሚጢ ናት። ማታ ራት እየበሉ ሦስቱን ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ነገራት፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ስለ ጠመኔው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ሲናገር ዓይኗ ሲበራ አየ። የአክስቷን ቤት ሲያነሣ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እዚያ ልኑር ነው የምትለኝ?»

«በመንገድ ከምታልቂ ብዬ ነው። ሁለት አውቶቡስ ነው። ደግሞም አሳዳጊ እዚያ ካልኖረ አይቀበሉም።»

«ተገላገልኩሽ በለኛ!»

«ሚጢ…»

«ያኔ ለምን አልሰጠሃትም? ያኔ ብትሰጣት ኖሮ እስካሁን እለምደው ነበር!»

ልጅቷ ተነሥታ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ሱቁ ወጣች፤ ጨለማው ውስጥ ወንበሩ ሲሽከረከር ይሰማዋል። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። ዘይት ሊቀባው ሲያስብ ሰንብቶ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከዚያው ሆና ድምፅዋን አሰማች።

«መምህርቷ ተሳስቼአለሁ ብላ አጠፋችው?»

«በመዳፏ።»

ወንበሩ እንደገና ሲጢጥ አለ። «አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ» አለ። «ፀጉር እንደሆነ ማደጉን አያቆም።»

ሣቀች መሰለው፤ ወይም አፍንጫዋን ሳበች። በመጋረጃው በኩል አልለየውም።

በምዝገባው ቀን ሦስቱም አብረው ሄዱ። መዝጋቢዋ «አሳዳጊ?» ስትል አክስት ስሟን ተናገረች። «አባት?» ስትል ሚጢ ወደ ጋሽ ዝምታ አየች። እሱ ቀድሞ «የለም» አለ። ሌላ ነገር ቢል ነዋሪነቱን ሊጠይቁት ነው፤ ነገሩ ሊበላሽ ነው። መዝጋቢዋ ሰረዝ አድርጋ አለፈች። ልጅቷ ዓይኗን እሱ ላይ እንደተከለች ቀረች፤ እሱ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነብ መሰለ።

ልብሷን በአንድ ሻንጣ አድርጋ የሄደች ዕለት ሱቁ እንደወትሮው ሰው ሞልቶ ዋለ። ጡረተኛው ሾፌር ስለ መንግሥት አማረረ፤ ዳቦ ጋጋሪው ስለ ዱቄት። ጋሽ ዝምታም «እህ» አለ፤ «ወይ ጉድ» አለ። ሰው ሁሉ ሲሄድ ወለሉን ጠረገ፤ የጠረገውን እንደገና ጠረገው። ወደ ውስጥ መግባት አልፈለገም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሚጢ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታድር ነበር። በወሩ አንድ ቀን ስትመጣ ፀጉሯ ተሠርቷል፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ እንደ መስመር የሄደ ሹሩባ። የአክስት እጅ ነው። ማበጠሪያውን አዘጋጅቶ ነበርና መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «አምሮብሻል» አላት፤ እውነቱን ነው፤ አምሮባት ነበር። ከዚያ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ተጀመረ። አመጣጧ በየሁለት ሳምንቱ፣ ኋላም በየወሩ ሆነ። ትደውላለች። «በላህ?» ትለዋለች፤ «በላሁ» ይላታል። ስልክ ላይ ዝምታ አያዋጣም፤ ሰው ፊት ለፊት ሲሆን ዝም ማለት አብሮ መሆን ነው፣ በስልክ ግን መጥፋት ነው። ይህን የተማረው ያን ዓመት ነው።

አንድ ቀን አክስት በስልክ ስታወራ ሳታስበው፣ «የወላጆች ቀን ዕለት እኮ መምህሯ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነቻት» አለችው።

«የወላጆች ቀን ነበር?»

አክስት ደነገጠች። «አልነገረችህም እንዴ?»

«ነግራኛለች፤ ረስቼው ነው» አለ።

ሁለት ቀን ሲያብሰለስል ከረመ። በሦስተኛው ሱቁን በሥራ ቀን ዘጋና አውቶቡስ ተሳፈረ። ለምን እንደሚሄድ ቢጠየቅ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ አዲስ ዘበኛ ቆሟል።

«የማን ወላጅ ነህ?»

የልጅቷን ስምና ክፍል ተናገረ። ዘበኛው መዝገቡን ገለጠ። «አሳዳጊዋ ሴት ናት ይላል። አንተ ምኗ ነህ?»

አባቷ ቢል መዝገቡ ይክደዋል። የእንጀራ አባቷ ማለት አፉ አልሄደለትም። የእናቷ ባል እንዳይል እናቷ የለችም። ዘበኛው ይጠብቃል። ከኋላው ሌላ ሰው ቆሟል።

«ፀጉር አስተካካይ ነኝ» አለ።

ዘበኛው በሣቅ ፈረሰ። «ልትላጫት ነው የመጣኸው?» ከዚያ ፊቱን አየና ሣቁን ዋጠው። «በል እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ በል አባቴ። ዕረፍት ሲወጡ ታገኛታለህ።»

ቁጭ አለ። ደወሉ ሲደወል ልጆች ተግተልትለው ወጡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው እንዴት ይለያሉ? እሷ ናት የለየችው። ከጓደኞቿ ጋር እየሣቀች ስትመጣ አየችውና ሣቋ ተቋረጠ። ለጓደኞቿ አንድ ነገር ብላቸው ብቻዋን መጣች። አጎንብሳ ሳመችው፤ ቁመቷ ጨምሯል።

«ምን ሆንክ ጋሼ? አመመህ?»

«ምንም አልሆንኩም። በዚህ በኩል ሳልፍ…» በዚያ በኩል አልፎ የሚኬድበት ቦታ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። አጠገቡ ተቀመጠች። በፌስታል የያዘውን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጣ፤ እንቁላሉን ላጠችለት፤ ተካፈሉ።

«አክስትሽ ነገረችኝ» አላት።

የእንቁላሉን ልጣጭ በጣቷ ስታደቅ ቆየች። «ቅዳሜ ቀን ነበር። ቅዳሜ ሥራህ የሚበዛበት ቀን ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

«ደግሞ ስም ይጠሩና ወላጁ ይነሣል። የሚጠሩት እሷን ነው። አንተ ከኋላ ወንበር ተቀምጠህ እንድታይ…» አልጨረሰችውም። «አልፈለግኩም።»

«ልክ ነሽ» አላት እንደገና። ልክ መሆኗ ነገሩን አላቀለለለትም፤ ግን ረስታው እንዳልነበር አወቀ። ያንን ይዞ መመለስም ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ። ኬሚስትሪ እንዳስቸገራት ነገረችው። አክስቷ ስታንኮራፋ የስፌት መኪና የምትነዳ እንደሚመስል በድምፅ አስመስላ አሳየችው፤ እሱም ከት ብሎ ሣቀ፤ ዘበኛው ዘወር ብሎ አያቸው። ደወል ተደወለ። ሚጢ ልብሷን አራገፈችና ሮጠች፤ ቤተ መጻሕፍት ወንበር እንዳይያዝባት ነበር። ዞራ አላየችም። ዛፉ ጋ ስትደርስ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለችና ጠፋችበት።

አራቱ ዓመት በዚህ ዓይነት አለቀ። ሚጢ በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ባለው ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። የምትሄድበት ጠዋት ጋሽ ዝምታና አክስት አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። ልጅቷ በመስኮት እጇን ስታወዛውዝ አክስት ተንሰቀሰቀች። እሱ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው፤ ቦርሳዋን ተቀብሎ ያዘላት።

«አንተስ ለምደኸዋል» አለችው አክስት ፊቷን እየጠረገች። «ዛሬ የሚብሰው ለእኔ ነው።»

«አይለመድም እትዬ» አላት።

ሸኛት፤ እሷ ወደ ኮረብታው፣ እሱ ወደ ወንዙ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዙ። «እሁድ እሁድ ብቅ በል» ብላው ነበርና ሁለት እሁድ ሄደ። ከሚጢ ሌላ የሚያወሩት አልነበራቸውም፤ የሚጢ ወሬም ቶሎ አለቀ፤ የቀረውን ጊዜ እሷ ስትሰፋ እሱ መንገዱን በመስኮት ሲያይ አሳለፉት። በሦስተኛው እሁድ ዝናብ ጣለና አልሄደም። ዝናቡ ሲያባራ ስልኩ ጮኸ። አክስት ናት።

«ደወለችልህ?»

«ጠዋት ደወለች። ላንቺስ?»

«ለእኔም። በላሽ ወይ አለችኝ።»

«እኔንም።»

የሚባል አልቀረም። ግን አንዳቸውም ስልኩን አልዘጉም። ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ሲንቀጫቀጭ ይሰማዋል፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ጋሽ ዝምታ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።